የሳህሉ ሸክላ ሁለተኛው ፊት

ሳህሉ ለብቻው ሸክላ ማስቀረጹን ያወቅሁት ሸክላው ታትሞ ሐረር ከገባ በኋላ ነው። ይኼን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። ከአንድ ጡት የጠባን ሰዎች ነን። በአንድ ባንድ ውስጥ እሱ ከፊት ጊታር ይጫወታል፣ እኔ ከኋላው ድራም እመታለሁ። ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን አውቀዋለሁ፤ ትከሻውን ነቅነቅ ሲያደርግ ወዴት ሊሄድ እንደሆነ እሱ ሳያውቅ እኔ አውቃለሁ። ይኼ ሰው ነው እንግዲህ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ሌላ ድራም መቺ ከኋላው አስቀምጦ፣ ሸክላ አስቀርጾ የመጣው። እኔን ያለኝ "አክስቴ ታማለች፣ ልጠይቃት ነው" ነበር። አቦ፣ እኔ ጅሉ ደግሞ ለአክስቱ ብርቱካን ልኬያለሁ!

ባንዳችን "አምስቱ በሮች" ይባላል። የሐረር ግንብ ጀጎል አምስት በር አላት፣ እኛም አምስት ነን፤ ስሙን ያወጣው ኦርጋን ተጫዋቹ ግርማ ነው፣ አለቃችንም እሱ ነው። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለ ቡና ቤት አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ እንጫወታለን፣ በሌላው ቀን ከሰዓት በኋላ እንለማመዳለን። በ1965 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሳህሉ ሸክላውን በብብቱ ይዞ ገባ። ሽፋኑ ላይ ራሱ አለ፤ አፍሮውን አበጥሮ፣ ሰፊ ክራባት አስሮ፣ ጊታሩን እንደ ሙሽራ አቅፎ። ከሥሩ በትልቁ "ሳህሉ" ይላል። አምስቱ በሮች የሚል ነገር የለም፤ በትንሹ እንኳ የለም።

ግርማ ሽፋኑን አገላብጦ አየው። "ከባንዱ ወጣህ ማለት ነው?"

"ኧረ አልወጣሁም! በማርያም፣ አልወጣምም። አንድ ጊዜ ለብቻዬ ልሞክር ብዬ ነው።"

"እና ለምን አልነገርከንም?"

"ብነግራችሁ ትፈቅዱልኝ ነበር?"

ግርማ ብዙ ተሳደበ። እዚህ የማልደግማቸው ናቸው። ሲደክመው ግን "እስቲ አምጣው፣ እንስማው" አለ። ሙዚቀኛ ነውና አላስቻለውም። የቡና ቤቱን ማጫወቻ ከባንኮኒው ላይ አወረድንና ከበነው ቆምን።

የመጀመሪያው ፊት የፍቅር ዘፈን ነው። ጥሩ ነበር። የሚያናድደውም ይኼው ነው፣ ጥሩ ነበር። ድራም መቺው ግን ይቸኩላል። ቅናት አይደለም፤ ወላሂ ይቸኩላል፣ ሳህሉ ሊተነፍስ ሲል አያስተነፍሰውም።

"ሁለተኛው ፊት ዘፈን የለውም" አለ ሳህሉ ሸክላውን እየገለበጠ። ፊቱ በርቷል። "ጊታር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዜማው የራሴ ነው። አንድ ቀን ጢሜን ስላጭ ዝም ብሎ መጣልኝ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይኼን ነው።"

መርፌውን አስቀመጠ። ጊታሩ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ተመልሶ ወረደ።

ምን እንደሆነ ገና ሳላስታውስ የድራም ዱላዎቹ ከእጄ ወደቁ። ግርማ "እሰይ!" ይላል፣ የቀሩትም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኔ ግን ዘልዬ መርፌውን አነሳሁት። አነሳሁት ልበል እንጂ ቧጨርኩት።

"ከየት አመጣኸው?"

"አልኩህ እኮ፣ ከራሴ ነው!"

"ውሸታም!"

"ዩሱፍ" አለ ግርማ፣ "እኔም ተናድጃለሁ። ቅናቱን ግን ዋጥ አድርገው፤ ያምርብሃል።"

ቅናት! ቅናትም ነበረኝ፣ አልዋሽም። ያን ሰዓት የያዘኝ ግን ፍርሃት ነው። ያን ዜማ ከዚህ ዓለም ሰው ሁሉ የምታውቀው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም እናቴ ናት። እናቴ ያን ዜማ ዳግመኛ ከሰማች እንደምናጣት ከልጅነቴ ጀምሮ ተነግሮኝ አድጌያለሁ።

እህቴ ነሲማ በኩፍኝ ስትሞት እኔና ሳህሉ ገና አምስት ዓመት አልሞላንም። የሳህሉ እናት ወይዘሮ ጽጌ ያኔ ከኛ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፤ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ሳህሉን እንደ ወለደች በትኩሳት ወድቃ ወተቷ ሲደርቅ፣ እኔን ታጠባ የነበረችው እናቴ ጃሚላ ሌላኛውን ጡቷን ለእሱ ሰጠችው። እሱ ማተብ አንገቱ ላይ ታስሮለት፣ እሷ "ቢስሚላህ" ብላ ታጠባዋለች። በኛ ሰፈር በዚህ የሚደነቅ ሰው አልነበረም።

ነሲማን ከቀበርናት በኋላ እናቴ ከራሷ ወጣች። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ከትልቁ ክፍል ጎን ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገባችና ተቀመጠች፤ አትናገርም፣ ሰውም አታውቅም። ከእሷ የሚሰማው ድምፅ ያ ዜማ ብቻ ነው። ቃል የለውም፤ አፏን ዘግታ በጉሮሮዋ ብቻ ታንጎራጉረዋለች፤ ይወጣል፣ ይንጠለጠላል፣ ይወርዳል። ጎረቤት ሴቶች እየመጡ ያጥቧታል፣ ያጎርሷታል። እኔ "እማ" ስላት ዓይኗ በእኔ ውስጥ አልፎ ግድግዳውን ያያል። ልጇ ነኝ! ቀርቤ ልብሷን ስይዝ እንደ ዝንብ ታራግፈኛለች።

የምታስጠጋው ሳህሉን ብቻ ነበር። ለምን እሱን እንደሆነ አላውቅም። እናቱ ሥራ ስለምትውል እሱ ከኛ ጋር ነው የሚውለው፤ እናቴ ቀዩ መደብ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ታጋድመውና በዚያ ዜማ ታስተኛዋለች። እኔ ከእግሯ ሥር ሰሌኑ ላይ እተኛለሁ። እሱ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ እሰማለሁ።

አንድ ማለዳ ከቤት ጠፋች። ከግንቡ ውጪ መቃብሩ ላይ አገኟት፤ አፈሩን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር። አባቴ ተሸክሟት ሲገባ ጣቶቿን አየኋቸው። እስካሁን የሚያስበረግገኝ እሱ ነው።

ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ቀን ተነሳች። ታጠበች፣ ሰገደች፣ የጎተራውን ቁልፍ ጠየቀች። እንደ ማንኛዋም እናት "ዩሱፍ፣ እግርህን ታጠብ" አለችኝ። ዱዓ ሲያደርጉላት የነበሩት ሼህ ግን አባቴን ወደ ጎን ወስደው "ሁለተኛ ከተመለሰባት አይለቃትም። ያን ዜማ እንዳትሰማ ተጠንቀቁ" አሉት። አባቴ ዐብዱልቃዲር የቤቱን ሰው ሰብስቦ የነሲማ ስምም ዜማውም በዚህ ቤት አይነሳም አለ። አልተነሳም። አባቴ ራሱ ሞቷል፣ አላህ ይርሐመው፤ ቃሉን ግን የደፈረው የለም። ጽጌና ሳህሉ በዚያው ሰሞን ከሸዋ በር ውጪ ቤት ይዘው ወጥተው ስለነበር ለሳህሉ የነገረው ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ ደግሞ ከዚያ ዓመት የቀረለት ትዝታ አልነበረም። እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ይኼን ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት አልናገረውም። የሳህሉን ኮሌታ ይዤ ጎትቼ አወጣሁት።

"አትምታኝ!" አለ። "ስሜን ለብቻው ማስጻፌ ነው እንዲህ ያደረገህ?"

"ስምህ ገደል ይግባ! ዜማው የእማ ነው። ነሲማ ስትሞት፣ እማ ስትታመም፣ ጭኗ ላይ አስተኝታህ ያንጎራጎረችልህ ነው። መላጫህ አይደለም ያመጣልህ፣ ስማኝ፣ እናቴ ናት!"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዜማውን በልቡ እየሄደበት እንደሆነ ገባኝ። "ቀይ መደብ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ጉንጬ ጨርቅ ላይ ነው። እኔ... ሕልም ይመስለኝ ነበር እኮ፣ ዩሱፍ።"

"ከሰማችው አለቀላት። ሼሁ አይለቃትም ብለዋል። ሸክላውን እንሰብስበው። የት ነው ያለው?"

ፊቱን ወደ ሸዋ በር አዞረ።

"ታጁዲን ጋ" አለ። "ዛሬ ጠዋት ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ አሰማዋለሁ ብሎኛል።"

ታጁዲን ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ሸክላ ይሸጣል። ከበሩ በላይ የሰቀለው ድምፅ ማጉያ አለ፤ እሱ ሲከፍተው ገበያው በሙሉ ሳይወድ በግድ ይሰማል። እናቴ ደግሞ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቅመም ልትገዛ ወደዚያው ትወርዳለች። ሁለታችንም ሮጥን።

በሸዋ በር ስንገባ እንጨት የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውታል። በአንዷ ሆድ ሥር ልሾልክ ምንም አልቀረኝም። ባለቤቷ ሰደበኝ። ሳህሉ የማርያምን ስም እየጠራ ከኋላዬ ይሮጣል፣ እኔ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እላለሁ። ቁልቁል በጠባቡ መንገድ ስንወርድ ልጆች ጨዋታ መስሏቸው ተከተሉን። እኔ የሚታየኝ እናቴ ናት፤ የቅመም ሚዛን ፊት ቆማ፣ ዘንቢሏ ከእጇ ሲወድቅ፣ ዓይኗ ሲፈዝ። በገበያ መሀል፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት።

ጊደር መጋላ ስንደርስ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል። ቆሜ አዳመጥኩ። የመጀመሪያው ፊት ነው፤ የፍቅር ዘፈኑ፣ የሚቸኩለው ድራም። አልሐምዱሊላህ አልኩና ሱቁ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

"አጥፋው!"

"ምን ሆናችኋል?" አለ ታጁዲን። እኩያችን ነው፣ ሁልጊዜ ጥርሱ አይከደንም። "ሰው እየወደደው ነው እኮ። ሳህሉ፣ ገና ሦስት ሰው ወስዶታል..."

"ሁለተኛውን ፊት አሰምተሃል?"

"ገና ነኝ። አሁን ልገለብጠው ነው።"

ሳህሉ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ሸክላዎች በሁለት እጁ ሰብስቦ ደረቱ ላይ አቀፋቸው። ያን ሰዓት አሳዘነኝ፤ ማስቀረጹን ስንት ጊዜ እንዳለመው አውቃለሁ። "አይሸጥም፣ ታጁዲን። ስህተት አለበት። ማን ማን ነው የወሰደው? ሄጄ እለምናቸዋለሁ።"

"አንዱ የድሬዳዋ ሰው ነው፣ አልፏል። አንዱ ያው ከጎኔ ያለው ልብስ ሰፊ ነው።" ታጁዲን ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። "ሦስተኛዋማ እናትህ ናቸው! ሽፋኑ ላይ ሳህሉን አይተው ቆሙ። ‘ልጄ ነው’ ብለው ለገበያው ሁሉ አሳዩት። ይኼን ፊት ሰምተው ‘ያንኛውን ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው’ ብለው ይዘው ሄዱ። አሁን ነው፣ ብዙም አልራቁም።"

ቤታችን ማጫወቻ አለ። በባትሪ የሚሠራ፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ነው። ከድሬዳዋ በኮንትሮባንድ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የሱዳን ዘፈን ስለምትወድ መርፌውን እንዴት እንደምታስቀምጥ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። በገዛ እጄ!

ከጊደር መጋላ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ የተመላለስኩበት ነው፤ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ከፊታችን ሻሽ ያሰረች ሴት ባየሁ ቁጥር እሷ እየመሰለችኝ እጣራለሁ፤ ዞር ስትል ሌላ ናት። ግቢያችን በር ላይ ደርሰን ጆሯችንን ጣልን። ምንም የለም። ገፍተን ገባን። የቤቱ በር ገርበብ ብሏል፣ ጫማዋ ደፉ ላይ ነው፣ የቅመሙ ዘንቢል ከጫማዋ ጎን።

ያኔ ጊታሩ ጀመረ።

ወጣ። ተንጠለጠለ። ወረደ።

እጄ በሩ ላይ ነው። መግፋት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ አንድ ሕፃን የሚገፋው በር ነው። አልቻልኩም። ፈራሁ፣ በቃ፣ ምን ይባላል ሌላ? ብገባና ዓይኗ በእኔ ውስጥ አልፎ እንደዚያን ጊዜ ግድግዳውን ቢያይስ? ውጭ እስከቆምኩ ድረስ እናት አለችኝ። ሳህሉ ክንዴን ይዟል፣ ጥፍሩ ይወጋኛል። "ግባ" ይለኛል በሹክሹክታ፤ እሱም ግን አይንቀሳቀስም።

ዜማው ሁለተኛ ዞረ። ሦስተኛ ዞረ። ከዚያ መሀል ላይ፣ ገና ሊወርድ ሲል፣ ቆመ። ሳህሉ የሠራው እንደዚያ ነው፤ ሲንጠለጠል ያበቃል። አዳራሹ ውስጥ መርፌውን ስላነሳሁት እዚህ አልደረስኩም ነበር። እኔ የማውቀው ዜማ ግን እዚያ አያበቃም። መጨረሻው ላይ ረዥም መውረጃ አለው።

መርፌው ሸክላው ላይ ይንሻሻል። ሌላ ድምፅ የለም። ከዚያ ከውስጥ ሰማኋት። አፏን ዘግታ፣ በጉሮሮዋ፣ መውረጃውን ይዛ ቀጠለች።

"ሄደች" አልኩ። "ሄደች፣ ሳህሉ። አለቀ።" እንባዬ መጣ። በሩን ስደገፈው በትከሻዬ ተከፈተና ተንደርድሬ ገባሁ።

እናቴ ቀዩ መደብ ላይ ተቀምጣለች። የሸክላው ሽፋን ጭኗ ላይ ነው፣ መዳፏ የሳህሉ ፎቶ ላይ አርፏል። ዜማውን እስከ መጨረሻው አወረደችው፣ አልተቻኮለችም። ከዚያ ቀና አለች። ጉንጯ ርሷል። እኔ ዓይኗን ላለማየት መሬት መሬት አያለሁ።

"ዩሱፍ" አለች።

ስሜ ነው። ስሜን ጠራችኝ! ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ግድግዳው ላይ አይደለም።

"ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታለከልከው? ግባ፣ ጫማህን አውልቅ። አንተም ግባ፣ ሳህሉ፣ በር ላይ እንደ ለማኝ አትቁም።"

ሳህሉ ሸክላዎቹን እንዳቀፈ ከፊቷ ተንበረከከ። "እማ፣ ይቅር በይኝ። አላወቅሁም ነበር። የራሴ መስሎኝ ነው።"

"ያንተስ ቢሆን?" አለች። "ለነሲማ ነበር የማንጎራጉረው፣ ኩፍኙ ይዟት እንቅልፍ እምቢ ሲላት። ስትሄድ የሚተኛልኝ ልጅ ፈለግሁ። አንተ ትተኛልኝ ነበር።" የነሲማን ስም ከአፏ ስሰማ አባቴ ከከለከለ በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ግድግዳው የሚፈርስ መሰለኝ፤ አልፈረሰም። "ዩሱፍ፣ አባትህ አትንገሯት፣ አታሰሟት ብሎ አስጠንቅቋችሁ እንደነበር አውቃለሁ። ፈርቶልኝ ነው። እኔም እናንተ እንዳትፈሩ ብዬ ዝም አልኩ። ይኼን ሁሉ ዘመን የልጄን ስም አንድ ሰው እስኪጠራልኝ እጠብቅ ነበር።"

ከዚያ ሸክላውን በጣቷ ነካ አደረገች። "ድራሙን የመታው ማነው? የኔ ልጅ አይደለም። ይቸኩላል።"

ሳህሉ አንገቱን ደፋ። "አይደለም፣ እማ። ሳልነግረው ነው የሄድኩት።"

"ያስታውቃል። መጨረሻውንም የቆረጥከው ስለማታውቀው ነው። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ስደርስ ተኝተሃል።" ሽፋኑን አስቀመጠችና እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ጣቶቿ ልብሴን ያዙት፣ ሳቡኝ፣ እንደ ሕፃን ወርጄ ከእግሯ ሥር፣ የድሮ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

"መጨረሻውን ዩሱፍ ያውቀዋል" አለች። "እሱ አይተኛም ነበር። እዚህ ሥር ሆኖ ትንፋሹን ውጦ ይሰማኝ ነበር። ስምህን ልጠራ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው እንጂ፣ እስከ መጨረሻው የማንጎራጉረው አንተ ነቅተህ ስለነበር ነው፣ ልጄ።"